የዘነበወርቁ ሐኪምና የተማሪው ብዕር

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ጥያቄ ከልጃቸው አፍ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ «በሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ስላመጣ አንድ አሜሪካዊ የምርምር ጽሑፍ አዘጋጁ ተብለናል፤ ስለ ማን ልጻፍ?» ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በችኰላ ይሰጣል። ልጁ የአብርሃም ሊንከንን ወይም የጆርጅ ዋሽንግተንን ስም ይመርጣል፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ከስልኩ ላይ ይገለብጣል፤ ወይም በዘመናችን እንደ ተለመደው ጽሑፍ የሚያቀናብር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያዝዛል፤ በማግሥቱም እርሱ ራሱ በቅጡ ያላነበበውን ወረቀት ስሙን ጽፎበት ለመምህሩ ያስረክባል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ፊደሉም የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ከሥራው በፊት ያላወቀውን ከሥራውም በኋላ አላወቀም።

በቅኔ ቤት ያለፉ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይገረማሉ። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የዜማውን ልክና የቤቱን ሥርዓት ይቀበላል እንጂ ቅኔውን አይቀበልም። ትናንት ጓደኛው የተቀኘውን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ፥ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ቅኔ ዘረፈ ተብሎ አይመሰገንም። ቅኔ የሚመዘነው አዲስ በመሆኑና ከባለ ቅኔው ከራሱ ልብ በመውጣቱ ነውና። እንግዲህ የዘመናዊው ትምህርት ቤት የምርምር ጽሑፍ ለልጆቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሥርዓቱን ከመምህር ተቀብሎ ነገሩን በራስ ድካም መፈለግ ስለ ሆነ፥ ከአያቶቻቸው ትምህርት ቤት ጋር አንድ ጠባይ አለው።

የኮልፌ ቀራንዮ ተማሪ ይህን ሥራ በእውነት ሊሠራው የሚችልበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌውም የሚገኘው በዚያው በሰፈሩ ነው።

፩፤ ስለ ማን ይጻፍ?

«ለውጥ ያመጣ» ማለትና «ዝነኛ» ማለት አንድ አይደለም። ዝና የሚለካው ስሙን በሚያውቁት ሰዎች ብዛት ነው፤ ለውጥ የሚለካው ግን ሰውየው ባይኖር ኖሮ በሌላ መልክ ይሆን በነበረው ነገር ነው። በዚህ መለኪያ ብንሄድ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተገናኙ አሜሪካውያን ጥቂቶች አይደሉም። በ1896 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው ሮበርት ስኪነር አንዱ ነው። በቱስኬጊ የተማረው ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ሌላው ነው፤ እርሱ በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወጋን ሲሰናዳ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኀይል መራ፤ ከነጻነትም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ ዐለፈ፤ መቃብሩም በአዲስ አበባ ነው።

ለኮልፌ ቀራንዮ ልጅ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርብ አለ። በአለርት ሆስፒታል በር የሚያልፈው ተማሪ፥ የታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ሲጣራ የሚሰማው ልጅ፥ የዚህን ቦታ ታሪክ ወደ ኋላ ቢከተል ቶማስ ላምቢ ከሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል።

፪፤ ሰውየውና ሥራው

ዶክተር ላምቢ በ1885 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በሱዳን በሚስዮናዊነት ካገለገለ በኋላ፥ በ1911 ዓ.ም. ግድም ድንበር ተሻግሮ በወለጋ በሳዮ፥ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በሚባለው ስፍራ፥ ማከም ጀመረ። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ስለ ፈቀዱለት፥ አንድ የኦሃዮ ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ በጉለሌ ሆስፒታል ሠራ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የሚባለውን ማኅበር የመጀመሪያ ጓድ እየመራ ገብቶ፥ የማኅበሩን ሥራ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዘረጋ።

ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት፥ በእርሱ መሪነትና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለመርዳት በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ባዋጣው ገንዘብ፥ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረው ስፍራ ለሕሙማኑ ሆስፒታል ተሠራ። ሆስፒታሉም የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ልጅ በነበሩት፥ ገና በወጣትነታቸው ባረፉት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሰፈሩ ዛሬም ዘነበወርቅ መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚያን ዘመን ለበሽታው የሚሆን ፈዋሽ መድኀኒት አልነበረም። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ደዌውን የሚያመጣውን ተህዋሲ በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘ ቢሆንም ቅሉ፥ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ለሕሙማን የሚሰጡት በእስያ ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነበር፤ ጥቅሙም እጅግ ትንሽ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሆስፒታል ትልቁ ስጦታ መድኀኒቱ አይደለም፤ ቍስልን ማጠብ፥ መጠለያና ምግብ መስጠት፥ ይልቁንም ከቤትና ከገበያ የተገፋውን ሰው እንደ ሰው መቀበል ነው እንጂ። የሚረዳ መድኀኒት የተገኘው ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ምክር መሠረት ልዩ ልዩ መድኀኒቶች በአንድነት መሰጠት ሲጀምሩ፥ የሥጋ ደዌ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆነ።

በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት ተቋቋመ። አለርት የእንግሊዝኛ ቃላት አሕጽሮት ሲሆን፥ ትርጓሜው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና የባለሙያ ማሠልጠኛ ማእከል እንደ ማለት ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በአርማወር ሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ከጐኑ ቆመ። በዙሪያውም ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና የመጡ፥ ድነውም ወደ ትውልድ ቀያቸው ለመመለስ ያልሆነላቸው ሰዎች ጎጆ ቀለሱ፤ ወለዱ፤ ልጅ ዳሩ፤ ሰፈር መሠረቱ። አለርትም ዛሬ የሥጋ ደዌን ብቻ ሳይሆን የቆዳን፥ የዐይንን፥ የአደጋንና የሌላውንም ሕመም የሚያክም ሆስፒታል ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ተማሪው አንድ ነገር ልብ ይበል። «ዶክተር ላምቢ ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለዐሥር ገጽ ጽሑፍ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። ውኃ የሚገኘው አንዱን ጕድጓድ አጥልቆ በመቈፈር እንጂ ዐሥር ጕድጓድ በመጫር አይደለምና፥ ጥያቄውን ያጥብበው። ለምሳሌ፥ «ዶክተር ላምቢ ያስጀመረው ሆስፒታል ለዘነበወርቅ ሰፈር መመሥረት ምክንያት የሆነው እንዴት ነው?» ብሎ ቢነሣ፥ ምን ማንበብ፥ ማንን መጠየቅ፥ ምንንም መተው እንዳለበት ጥያቄው ራሱ ይነግረዋል።

፫፤ ምስክሮቹ

የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንድን ቃል ሲያብራሩ «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩ ፍቺ ይደረድራሉ። አንዱን ፍቺ ይዘው ሌላውን አያፍኑም፤ እያንዳንዱንም በምክንያቱ ያቆሙታል። የታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ ምስክሮቹን ጐን ለጐን ማቆም ይገባዋል።

የመጀመሪያው ምስክር ባለ ታሪኩ ራሱ ነው። ዶክተር ላምቢ በ1939 እ.ኤ.አ. የሕይወቱን ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ የመጽሐፉም ርእስ «አገር የሌለው ሐኪም» እንደ ማለት ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ሌላው የማያውቀውን ያውቃል፤ ነገር ግን ራሱን የሚወቅስበትን ነገር ያሳጥራል። ሁለተኛው ምስክር የሚስዮኑ ጽሑፍ ነው፤ ይህም በአሜሪካ ያሉ ረዳቶች ገንዘብ እንዲሰጡ ለማነሣሣት የተጻፈ መሆኑን አንባቢው መርሳት የለበትም። ሦስተኛው ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም እንደ ነበረው እንደ ብርሃንና ሰላም ያለ የዚያ ዘመን ጋዜጣ ነው። አራተኛው ከጊዜው ርቆ ብዙ ሰነድ ያመሳከረ የታሪክ ሊቅ ሥራ ነው፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1990 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት መልካም በር ነው። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍትና ጋዜጦች የሚፈልግ ሰው ከወመዘክር፥ እንዲሁም በስድስት ኪሎ በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጀምር።

አምስተኛው ምስክር በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የለም። እርሱም በዘነበወርቅ የሚኖሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አንደበት ነው። ተማሪው ወደ እነርሱ ሲሄድ እንደ ፖሊስ መርማሪ ወረቀቱን ዘርግቶ አይጀምር። መጀመሪያ ጤና ይጠይቅ፤ የማን ልጅ እንደ ሆነና ለምን እንደ መጣ ይንገር፤ ቀጥሎም «እማማ፥ እርስዎ ወደዚህ ሲመጡ ሰፈሩ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ነገሩን ለእርሳቸው ይተውላቸው። ስለ ሕመማቸው ካላነሡለት እርሱ አያንሣ። ስማቸው እንዳይጻፍ ቢፈልጉ አይጻፍ። የሰው ልብ የሚያቈስሉትን የድሮ ስድቦች ትቶም «የሥጋ ደዌ ያገኘው ሰው» ብሎ ይጻፍ፤ ሰውየው በሽታው አይደለምና። በቅዱሳት መጻሕፍት ለምጽ ተብሎ የተጻፈው ልዩ ልዩ የቆዳ ደዌን የሚያጠቃልል ስለ ሆነ፥ ዛሬ ሐኪሞች ከሚያውቁት የሥጋ ደዌ ጋር ሁልጊዜ አንድ አድርጎ መጻፍም ስሕተት ነው።

ምስክሮቹ በዓመተ ምሕረት ሲለያዩ ተማሪው አይደንግጥ። የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት፥ ሥራው ያለቀበትና የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተኛበት ዓመት የተለያዩ ናቸውና፥ ጸሐፊው የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ይመርምር። የዘመን አቈጣጠሩም ነገር አለ። ከፈረንጆች ዓመት ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንስ ልጅ ይሳሳታል፤ ሐምሌ 1935 እ.ኤ.አ. በእኛ 1927 ዓ.ም. ሲሆን፥ የዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን በእኛ 1928 ዓ.ም. ነው።

፬፤ አስቸጋሪው ምዕራፍ

እስካሁን ያየነው ታሪክ ለምስጋና የተመቸ ነው። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ተማሪው 1928 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ነው።

ዶክተር ላምቢ ከጦርነቱ በፊት የኢትዮጵያን ዜግነት ተቀብሎ ነበር። ምክንያቱም የውጭ አገር ሰው በስሙ መሬት መያዝ ስለማይፈቀድለት፥ ለሥራው የሚያስፈልገውን ቦታ ለመያዝ ነው። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ በዚያ የነበረው የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ተመታ፤ በታኅሣሥም በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተቃጠሉ። ይህን ግፍ ለዓለም ካሰሙት አንዱ ዶክተር ላምቢ ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ያው ዶክተር ላምቢ ለጣልያን ገዢዎች መገዛቱን ገለጠ፤ ስለ ሆስፒታሎች መደብደብና ስለ መርዝ ጋዝ ቀድሞ የተናገረውንም አስተባበለ። የማኅበሩን ሥራ ለማትረፍ ብሎ ነው፤ ነገር ግን አላተረፈውም። ማኅበሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። እርሱም ኢትዮጵያን ለቀቀ፤ የመጽሐፉ ርእስ እንደሚናገረውም አገር የሌለው ሰው ሆነ። በኋላ በፍልስጥኤም ምድር በሕክምና አገልግሎ፥ በ1946 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሞተ።

እንግዲህ ተማሪው ምን ይጻፍ? ሦስት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው መደበቅ ነው፤ «ስለ መልካም ሰው እየጻፍሁ ይህን ለምን አነሣለሁ?» ማለት። ሁለተኛው መፍረድ ብቻ ነው፤ በአንድ ዓመት ጥፋት የሌሎቹን ዓመታት ሥራ ሁሉ መሰረዝ። ሦስተኛው ማመካኘት ነው፤ «ሥራውን ለማዳን ነውና ምንም አይደለም» ብሎ ማለፍ።

ከሦስቱም የሚሻለው ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀምጦ በሌሎች ምስክሮች መመዘን ነው። አንዱ ምስክር ቃሉን ቢያነሣ የሆነው ነገር አልሆነም ማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በኮረም አካባቢ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዐይኑ አይቶ ጽፏል። የጣልያን መንግሥትም ራሱ፥ ስድሳ ዓመት ቈይቶ፥ በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን አምኗል። ስለዚህ ተማሪው «ዶክተር ላምቢ ቃሉን አነሣ፤ እውነቱ ግን አልተነሣም» ብሎ ለመጻፍ በቂ ማስረጃ አለው። በዚያው ገጽ ላይ፥ ሆስፒታሉን ያስጀመረው ያው እጅ መሆኑንም ይጻፍ። ይህ መወላወል አይደለም። በመርዝ ጋዝ ለተቃጠሉት ወታደሮችና ገበሬዎች ፍትሕ የሚገባቸውን ያህል፥ በሆስፒታሉ ቍስላቸው ለታጠበላቸው ድኾችም እውነት ይገባቸዋል፤ ሁለቱም የእኛ ሰዎች ናቸውና።

በሃይማኖት በኩል ያለውን ነገር ደግሞ ዝም ብለን አናልፈውም። ዶክተር ላምቢ ከሐኪምነቱ ጋር የሌላ እምነት ሰባኪ ነበር፤ የመጣበትም አንዱ ዓላማ ያ ነበር። ከእኛ ቤት የወጣ ተማሪ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር በግልጥ ይጻፈው። መሸሸግ አያስፈልግም፤ ስለ እምነቱ ልዩነት ብሎ የሥራውን ዋጋ መቀነስም አይገባም። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ የሚያውቅ ልጅ፥ የወደቀውን ያነሣ ሰው የእኛ ወገን ባይሆንም ያደረገው ምሕረት ምሕረት እንደሚባል ያውቃል። የአቡነ ገብረ ክርስቶስን ገድል በጥቅምት 14 ሲነበብ የሰማ ልጅ ደግሞ፥ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በደዌና በችግር መኖርን የመረጠውን ጻድቅ እያከበረ፥ በደጁ የተቀመጠውን ሕመምተኛ ሊንቅ አይችልም።

፭፤ አጻጻፉ

ነገሩ ከተሰበሰበ በኋላ አጻጻፉ አያስቸግርም። በመግቢያው ጥያቄውንና ለምን እንደ መረጠው በጥቂት መስመር ይግለጥ። ቀጥሎ የሰውየውን ሕይወት ለጥያቄው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ያሳጥር። ከዚያ የሆስፒታሉንና የሰፈሩን ታሪክ፥ ከዚያም የ1928ን ምዕራፍ ያምጣ። በመጨረሻ ለጥያቄው ያገኘውን መልስ በራሱ ቃል ይናገር። ከመጽሐፍ የወሰደውን ከየት እንደ ወሰደው ይጥቀስ፤ ከሽማግሌ የሰማውንም «ከሰፈሩ ነዋሪዎች እንደ ሰማሁት» ይበል። ያነበበውን መጽሐፍ ከድኖ፥ የተረዳውን ለታናሽ እኅቱ እንደሚነግር አድርጎ ቢጽፈው፥ ቃሉ የራሱ ይሆናል። መግለጥ ያልቻለውን ነገር ገና አልተረዳውምና ተመልሶ ያንብበው።

የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ፥ ያልገባ የእንግሊዝኛ ቃል ለማስፈታት ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን በዘነበወርቅ መንገድ ሄዶ እማማን አይጠይቅም፤ ሁለት ምስክሮች ሲጋጩም ስለ እኛ ሆኖ አይጨነቅም። የሚሰጠውም መልስ ሐሰት ሊቀላቀልበት ይችላልና፥ ያለ ማመሳከሪያ አንዱንም ስም አንዱንም ዓመት መቀበል አይገባም።

ለወላጆችም ጥቂት እንበል። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ሲታዘዝ እንግሊዝኛ ባታውቁም ልትረዱት ትችላላችሁ። ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድበትን የትራንስፖርት ገንዘብና አንድ ቅዳሜ ስጡት። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር አስተዋውቁት። ጽሑፉን ሲጨርስ በአማርኛ እንዲተርክላችሁ አድርጉ፤ «ይህን እንዴት ዐወቅህ?» ብላችሁም ጠይቁት። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ተግሣጽ ትበልጣለች። መልስ ካለው ሥራው የእርሱ ነው፤ መልስ ከሌለው ገና ጊዜ አለና እንዲመለስበት ምከሩት።

ስለ ሊንከን የተገለበጠ ወረቀት ነጥብ ሊያሰጥ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ይረሳል። የሰፈሩን ስም ከየት እንደ መጣ የመረመረ፥ የአንድን ሰው መልካም ሥራና ጥፋት ያለ ፍርሃትና ያለ ጥላቻ በአንድ ገጽ ላይ የጻፈ ልጅ ግን፥ ነገ ዳኛ ቢሆን ምስክር ይመዝናል፤ ሐኪም ቢሆን ሕመምተኛውን ያዳምጣል፤ የቤተሰብ አባት ቢሆን ያልተጣራ ወሬ ይዞ በጎረቤቱ ላይ አይነሣም። ስለዚህ የዛሬውን የትምህርት ቤት ሥራ እንደ ትንሽ ነገር አንናቀው። ልጁ ብዕሩን ሲያነሣ ለእውነት እንዲያነሣ እንምከረው፤ እናግዘውም።